ግርጌው የራቀ ባሕር፤ በሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች ስለ ነበረው የመልሕቅ መጣያ ፍለጋ

ቅዱስ ጳውሎስን ያሳፈረችው መርከብ በመላጥያ ደሴት አጠገብ በጨለማ ስትንገላታ፥ መርከበኞቹ የባሕሩን ጥልቀት እየለኩ ወደ ምድር መቅረባቸውን እንዳወቁ፥ ከዚያም አራት መልሕቅ ጥለው ሌሊቱን እንዳሳለፉ ግብረ ሐዋርያትን ያነበበ ሁሉ ያስታውሳል። አብዛኛው አንባቢ በዚያ ምዕራፍ የሚደነቀው በማዕበሉ ብርታትና በሐዋርያው ጽናት ነው፤ የባሕርን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ግን ልቡ የሚያርፈው ጥልቀቱን በለካው ገመድ ላይ ነው፤ ሸራና ነፋስ መርከብን ከደሴት ያደርሷታልና፥ ሊያሳርፏት ግን አይቻላቸውምና፤ የሚያሳርፋት ከነፋስ የተከለለና መልሕቅን አጥብቆ የሚይዝ ግርጌ ብቻ ነው። በዘመናችን ባልና ሚስት ወይም ሁለት ሦስት ወዳጆች ሆነው በትንሽ ባለ ሸራ መርከብ በሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች መካከል እየተዘዋወሩ ወራትን፥ አልፎም ዓመታትን የሚያሳልፉ ሰዎች ብዙዎች ናቸው፤ እነርሱ ማታ መልሕቃቸውን ጥለው በሰላም የሚያድሩበት እያንዳንዱ ስፍራ በብዙ ድካም፥ በብዙ ብረትና በብዙ ነፍስ የተገኘ ነው። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም የደሴቶቹን ‹አግኚዎች› ስም የሚያወድሱት መጻሕፍት የማረፊያዎቹን ታሪክ፥ ይልቁንም ማረፊያዎቹን አስቀድመው ያወቁትን ሰዎች፥ በጥቂት መስመር እያለፉ መሄዳቸው ነው። ዓመታቱን ሁሉ የማነሣው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ፈርዲናንድ ማጄላን በ1520 መጨረሻ ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ወጥቶ ወደ ሰፊው ውቅያኖስ በገባ ጊዜ ሦስት ወር ከሃያ ቀን ያህል ትኩስ እህልና ውኃ ሳያገኝ ተጓዘ፤ ሰዎቹ የሻገተ ብስኩት ዱቄት፥ የመርከቡን ቆዳና አይጥ እስከ መብላት ደረሱ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያዩአቸው ደሴቶች ሁለት ብቻ ሲሆኑ፥ ሁለቱም ሰው የሌለባቸው ነበሩ፤ ከዚህም የከፋው ነገር በአጠገባቸው መልሕቅ የሚጣልበት ግርጌ አለመገኘቱ ነበር። ረኃብተኛው ዛፍና ወፍ እያየ፥ ከምድሩ በጥቂት ርቀት ላይ ሆኖ፥ ማረፍ ሳይችል ማለፉ በባሕር ታሪክ ከተጻፉት መከራዎች ሁሉ እጅግ የሚያሳዝን ሆኖ ይታየኛል። በ1616 የሆላንድ መርከበኞች ለሜርና ስካውተን ቱዋሞቱ በሚባሉት ደሴቶች መካከል ሲያልፉ ይኸው ዕጣ ስለ ደረሰባቸው አንዱን ደሴት ‹ግርጌ የሌለው› ብለው ሰየሙት፤ በ1722 ደግሞ ያው የፋሲካን ደሴት ያየው ሮገቬን በነዚሁ ደሴቶች አንዱን መርከቡን በኮራል ድንጋይ ላይ አጣ።

የዚህ ምክንያት ለብዙ ዘመን ተሰውሮ ኖረ። ቻርልስ ዳርዊን በ1836 በሕንድ ውቅያኖስ ወዳሉት የኪሊንግ ደሴቶች በደረሰ ጊዜ የመርከቡ አለቃ ፊትዝሮይ ከዳርቻው 2,200 ያርድ ብቻ ርቆ 7,200 ጫማ ርዝመት ያለው ገመድ ቢያወርድ ግርጌ አላገኘም፤ ከሁለት ሺህ ሜትር የሚበልጥ ጥልቀት ከዘንባባው ጥላ ሥር ተሰውሮ ነበር ማለት ነው። ዳርዊን በ1842 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ያሉት ቀለበት መሰል ደሴቶች በቀድሞ እሳተ ገሞራ ተራሮች ዙሪያ የተጀመሩ መሆናቸውን፥ ተራራው ቀስ በቀስ ወደ ባሕር ሲሰጥም በዙሪያው ያለው ኮራል ብርሃን ፈልጎ ወደ ላይ እየተገነባ እንደ ኖረ፥ በመጨረሻም ተራራው ጠፍቶ ቀለበቱ ብቻ እንደ ቀረ አስረዳ። ብዙዎች ተከራከሩት፤ በ1952 ግን በማርሻል ደሴቶች በእነወታክ መሬቱ በመሰርሰሪያ በተፈተሸ ጊዜ ከ1,200 ሜትር በላይ ውፍረት ካለው ኮራል በታች የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለ ተገኘ ቃሉ እውነት ሆነ። እንግዲህ መርከበኛው ከውጭ የሚያገኘው ቀጥ ብሎ የወረደ ገደል ነው፤ ማረፊያው ያለው ከቀለበቱ ውስጥ፥ ጸጥ ባለው ውኃ ላይ ነው፤ ወደዚያ የሚያስገባው ደግሞ በኮራሉ ቅጥር ላይ እዚህና እዚያ የተከፈተ ጠባብ በር ብቻ ነው፤ በዚያም በር ማዕበሉ በቅጥሩ ላይ እየዘለለ የሞላው ውኃ እንደ ክረምት ወንዝ እየጋለበ ይወጣል። በሩን፥ የውኃውንም ሰዓት ያላወቀ ሰው ወደ ውስጥ አይገባም።

በሩን የሚያውቁ ሰዎች ግን ነበሩ። ከሦስት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከምዕራብ ተነሥተው ወደ ቶንጋና ወደ ሳሞአ የደረሱት፥ ልጅ ልጆቻቸውም በኋላ እስከ ሀዋይ፥ እስከ ፋሲካ ደሴትና እስከ ኒው ዚላንድ የተስፋፉት ሕዝቦች ብረት አያውቁም፥ ፊደልም አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ሁለት ታንኳ አጣምረው በገመድ ሰፍተው በሠሩት መርከብ ሚስትና ልጅ፥ ዶሮና ውሻ፥ የሚተከል ሥራ ሥርም ጭነው በሺህ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ይሻገሩ ነበር። መሪው እያንዳንዱ ኮከብ የሚወጣበትንና የሚገባበትን የአድማስ ነጥብ በቃሉ ያጠናል፤ ሌሊቱ ሲደምን ከሩቅ የሚመጣውን የማዕበል ምት በሰውነቱ ያዳምጣል፤ ማታ ወደ ጎጆአቸው የሚመለሱትን የባሕር ወፎች ተከትሎ ደሴቱ በየት በኩል እንዳለ ያውቃል፤ በውስጠኛው ውኃ ላይ የቆመ ደመና ከሥሩ አረንጓዴ መልክ እንደሚይዝም ከአባቱ ተምሯል። ታንኳው ቀላል ስለሆነ ወደ አሸዋው ተጐትቶ ይወጣ ነበርና የከባድ መልሕቅ ችግር አልነበረበትም፤ ስለዚህም በሮቹንና መጠለያዎቹን ሁሉ ያወቁት ሰዎች አውሮፓውያን ያስጨነቃቸውን ጭንቀት ሳይጨነቁ ኖሩ።

አውሮፓውያኑ ግን ጭንቀቱን በዋጋ ከፈሉ። በ1767 እንግሊዛዊው ዋሊስ ዶልፊን በተባለችው መርከብ ወደ ታሂቲ በደረሰ ጊዜ ወደ ማታቫይ ወሽመጥ ሲገባ ከኮራል ላይ ተጋጭቶ ለጥቂት ተረፈ። በተከታዩ ዓመት በሚያዝያ ወር የመጣው ፈረንሳዊው ቡገንቪል የዋሊስን ማረፊያ ስላላወቀ በደሴቲቱ ምሥራቅ ሂቲያአ በሚባለው ስፍራ መልሕቁን ጣለ፤ ግርጌው ስል ኮራል ነበርና የገመዱን ቃጫ እንደ ቢላዋ እየቈረጠ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ስድስት መልሕቅ አስጠፋው። ፈረንሳዮች በታሂቲ ስለ ተቀበላቸው ፍቅርና ስለ ሴቶቹ ውበት ብዙ ጽፈዋል፤ በእኔ አስተያየት ግን ያን ያህል ፈጥነው የሄዱበትን ምክንያት የሚያስረዱት ከባሕር ግርጌ የቀሩት ስድስት ብረቶች ናቸው።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ወደ ጎንደር ለመውጣት በምጽዋ በወረደበት በዚያው በ1769፥ ካፒቴን ጀምስ ኩክ የዝሁራ ኮከብ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለመመልከት በማታቫይ ሦስት ወር ሰነበተ። ሊሄድ ሲነሣም በራያቴያ ደሴት የተወለደ፥ ካህንም የባሕር መሪም የሆነ ቱፓያ የተባለ ሰው በመርከቡ ተሳፈረ። ይህ ሰው ስለ ደሴቶቹ የሚያውቀው ነገር መጠን አልነበረውም፤ የየደሴቱን ስም፥ የመንገዱን ቀናት፥ በየትኛው ደሴት የመርከብ መግቢያ እንዳለ፥ በየትኛው እንደሌለ ከአፉ ይቀዳ ነበር። ወደ ሁዋሂኔ በደረሱ ጊዜ ያደረገውን ነገር ሳነብ እስካሁን እደነቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ሆዱ ጥልቅ የሆነ መርከብ ከዚያ በፊት መርቶ አያውቅምና አንድ ጠላቂ ሰው ወደ ውኃው አውርዶ መርከቡ ወደ ታች ምን ያህል እንደሚዘልቅ አስለካ፤ ከዚያ በኋላ ውኃው ከአምስት ፋቶም፥ ማለትም ከዘጠኝ ሜትር በታች ወደሚሆንበት ስፍራ መርከቡ እንዳይገባ አጥብቆ ይከላከል ነበር። አዲሱን ዕቃ በራሱ እውቀት ሚዛን መዝኖ፥ ወሰኑንም አበጅቶ በሥራ ላይ ያዋለ ሊቅ ነበር እንጂ ለመንገድ የተከራየ ተላላኪ አልነበረም።

በቱፓያ ቃል የተሣለው ካርታ 74 ደሴቶችን የያዘ ነበር። የአውሮፓ ሊቃውንት ለብዙ ዘመን የተዛባ ሥዕል ነው እያሉ ሲንቁት ኖሩ፤ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ግን ካርታው የተሠራው በሌላ የአሳብ ሥርዓት፥ አቅጣጫውም ተጓዡ ከሚነሣበት ደሴት እየተለካ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ደክመዋል። ቱፓያ አገሩን ዳግመኛ አላየም፤ በ1770 መጨረሻ ዛሬ ጃካርታ በምትባለው በባታቪያ በበሽታ ሞተ። ከዚያ አስቀድሞ በሰኔ ወር የኩክ መርከብ ኢንዴቨር በአውስትራሊያ ዳርቻ፥ ከቱፓያ ዓለም ውጭ በሆነ ባሕር፥ በሌሊት ኮራል ላይ ተቀምጣ ለመስጠም ጥቂት ቀርቷት ነበር።

ኩክም ቢሆን ከኮራሉ ግብር አላመለጠም፤ በ1773 በሁለተኛው ጉዞው በታሂቲ ደቡብ ምሥራቅ በታውቲራ አጠገብ ሁለቱ መርከቦቹ ወደ ቅጥሩ ተገፍተው መልሕቆች አስጠፉ። የቡገንቪል መልሕቅ ነገር ደግሞ እንዲሁ አልቀረም። ከጠፉት አንዱን የደሴቲቱ ሰዎች አውጥተውት ኖሮ ወደ ቦራቦራ ንጉሥ ወደ ፑኒ ተላከ፤ ኩክ በታኅሣሥ 1777 ለመለዋወጫ የሚሆን መጥረቢያ ቢያልቅበት ወደ ቦራቦራ ሄዶ ያንን ብረት በስጦታ ለውጥ ገዛው፥ ቀጥቅጦ መሣሪያ ሊያደርገው። ፈረንሳዊ ያጣውን ታሂታዊ አወጣው፥ ቦራቦራዊ ጠበቀው፥ እንግሊዛዊ ወሰደው፤ በእነዚያ ደሴቶች የብረት ክብር እስከምን ድረስ እንደ ነበረ ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

የመልሕቅ መጣያ አለመኖር አንዳንድ ጊዜ መሸሸጊያ ሆኗል። በባውንቲ መርከብ ላይ በአለቃቸው ላይ የተነሡት ሰዎች ከሕግ ሲሸሹ የፒትኬርንን ደሴት መረጡ፤ መርከበኛው ካርተሬት በ1767 ሲያያት በካርታ ላይ ያስቀመጣት ከትክክለኛ ስፍራዋ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ አዛብቶ ነበርና የሚፈልጋት አያገኛትም፥ ቢያገኛትም መርከብ የሚያሳርፍ ወደብ አልነበራትም። በጥር 1790 መርከቡን አቃጠሉ፤ እስከ 1808 ድረስ፥ ዐሥራ ስምንት ዓመት ያህል፥ የዓለም ሰው ሳያያቸው ኖሩ። ዛሬም ወደዚያች ደሴት የሚሄድ መንገደኛ መርከቡን ከውጭ ትቶ የደሴቲቱ ሰዎች በሚነዱት ጀልባ ይወርዳል።

በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ሥራው ወደ መጻሕፍት ገባ። በ1795 የተቋቋመው የእንግሊዝ የባሕር ካርታ መሥሪያ ቤት፥ ይልቁንም ፍራንሲስ ቦፎርት ከ1829 እስከ 1855 ሲመራው፥ በየባሕሩ የሚለኩ መርከቦችን ላከ። መሣሪያው ያው የጥንቱ ነበረ፤ ከሥሩ ጎድጎድ ብሎ ሞራ የተቀባ እርሳስ፥ ጥልቀቱን በገመዱ እየነገረ፥ በሞራው ላይ በተለጠፈው አሸዋ ወይም ጭቃ ወይም የኮራል ስባሪ ደግሞ መልሕቅ ይይዝ እንደሆነ ያመለክታል። የቃጫው ገመድ በብረት ሰንሰለት ስለ ተተካም የኮራሉ ስለት ኃይሉ ቀነሰ። በካርታው ላይ ያሉት ረቂቃን ቍጥሮች እያንዳንዳቸው በአንድ ሰው ክንድ የተጐተቱ መሆናቸውን አንባቢው እንዲያስብልኝ እለምናለሁ።

ለንግድም ለጦርነትም ሳይሆን ለማየትና ለመኖር ብቻ በእነዚህ ደሴቶች መካከል በመርከብ የመዞር ልማድ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። እንግሊዛዊው ብራሲና ባለቤቱ አና በ1876 እና በ1877 ሰንቢም በተባለችው መርከባቸው ዓለምን ሲዞሩ ታሂቲን ጐበኙ፤ እርሷ የጻፈችው መጽሐፍም በብዙ አገር ተነበበ። ደራሲው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ደግሞ ሳንባውን ታሞ ሞቃት አየር ሲፈልግ ካስኮ የምትባለውን ባለ ሸራ መርከብ ተከራይቶ ከእናቱና ከባለቤቱ ጋራ በሰኔ 1888 ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሣ፤ ከወር በኋላም በኑኩ ሂቫ ደሴት በአናሆ ወሽመጥ መልሕቅ ጣለ። አናሆ በተራራ የተከበበ፥ ከማዕበሉም የተከለለ ስፍራ ስለ ሆነ ዛሬም ትናንሽ መርከቦች ያርፉበታል። ከዚያ በፋካራቫ በር ገብቶ በቀለበቱ ውስጥ ሰነበተ፥ ወደ ታሂቲም ተሻገረ፤ በታውቲራ፥ ኩክ መልሕቅ በጣለበት አካባቢ፥ የካስኮ የሸራ ምሰሶዎች ከውስጥ የበሰበሱ መሆናቸው ታወቀ። በከፍተኛው ባሕር ላይ ተሰብረው ቢሆን ኖሮ የዚያ ሁሉ ቤተ ሰብ ፍጻሜ ይሆን ነበር፤ በማረፊያ ስፍራ መገኘቱ ግን ለደራሲው የደሴቶቹን ሰዎች ቀርቦ የሚያውቅበት የዕረፍት ጊዜ ሆነለት።

ስቲቨንሰን በሳሞአ ኖሮ በ1894 በዚያው ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጆሹዋ ስሎከም በራሱ እጅ አድሶ በሠራት ስፕሬይ በምትባል፥ ርዝመቷ ከዐሥራ አንድ ሜትር ብዙ በማይበልጥ መርከብ ብቻውን ወደ ሳሞአ ወደብ ወደ አፒያ ገባ፤ ከኁዋን ፈርናንዴዝ ደሴት ከተነሣ ሰባ ሁለት ቀን ያለ ዕረፍት ተጉዞ ነበር። የስቲቨንሰን ባለቤት ባሏ ደጋግሞ ያነበባቸውን የመርከብ መምሪያ መጻሕፍት ስሟን ጽፋ ሰጠችው፤ ስሎከም እነዚያን መጻሕፍት በአክብሮትና በፍርሃት እንደ ተቀበለ ይናገራል። በዚህ ስጦታ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር አያለሁ፤ የማረፊያ እውቀት ከሟች ወደ ሕያው፥ ከሕመምተኛው ደራሲ ወደ ብርቱው መርከበኛ ሲተላለፍ ያሳያልና። ስሎከም ከዚያ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ አልፎ፥ ርካሽ በሆነች አሮጌ የቆርቆሮ ሰዓትና በጨረቃ ስሌት እየተመራ፥ 2,700 ማይል በሃያ ሦስት ቀን ተጉዞ ዳርዊን ጥልቀቷን ባደነቀላት በኪሊንግ መልሕቅ ጣለ። በ1895 ከቦስተን ተነሥቶ በሰኔ 1898 ወደ አገሩ ሲመለስ ዓለምን ብቻውን በመርከብ የዞረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ከእርሱ በኋላ መንገዱ ተከፈተ። ጃክ ለንደን በ1907 ስናርክ በምትባል መርከብ ተነሥቶ እስከ ሰሎሞን ደሴቶች ከደረሰ በኋላ በሕመም ምክንያት ጉዞውን ተወ፤ በ1914 የፓናማ ቦይ ሲከፈት ከአትላንቲክ የሚመጣው ትንሽ መርከብ አስፈሪውን የደቡብ ጫፍ መዞሩ ቀረለት። ፈረንሳዊው አላን ዤርቦ በ1920ዎቹ ብቻውን ሲዞር በዋሊስ ደሴት በኮራል ላይ ተጣለ፤ ግን ደሴቶቹን አብዝቶ ስለ ወደደ፥ በቲሞር በ1941 ከሞተ በኋላ ዐፅሙ ወደ ቦራቦራ ተወሰደ። ሌላው ፈረንሳዊ በርናር ሟቴስዬ በ1952 በዲየጎ ጋርሲያ ኮራል ላይ በሌሊት መርከቡን ሰበረ፤ በኋላ የሠራትን መርከብ በስሎከም ስም ጆሹዋ ብሎ ጠራት፤ በ1968 በተጀመረው የዓለም ዙር ውድድር ሽልማቱን ንቆ ወደ ታሂቲ ከሄደ በኋላ በአሄ ቀለበታዊ ደሴት ከቤተ ሰቡ ጋራ ተቀምጦ አትክልት ይተክል ነበር።

እነዚህ ሁሉ ወደ ኮራል በር የገቡት በአንድ ዓይነት ጥበብ ነበር። ፀሐይ ከኋላ ከፍ ስትል ጠብቀው፥ አንድ ሰው ወደ ምሰሶው ጫፍ ወጥቶ፥ የውኃውን ቀለም እያነበበ ይመራል፤ ጥቁር ሰማያዊው ጥልቅ፥ ፈዛዛ አረንጓዴው አሸዋ፥ ቡናማው ግን መርከብ የሚሰብር ኮራል ነው። ፀሐይ ፊት ለፊት ከሆነች ወይም ደመና ከሸፈናት ከውጭ መቈየት ግድ ነበር። በ1933 እንግሊዛዊው ሊቅ ጄፍሪ ቴይለር እንደ ማረሻ መሬቱን እየሰነጠቀ የሚቀበር መልሕቅ ስለ ፈለሰፈ ትናንሽ መርከቦች ቀላል ብረት ይዘው በአስተማማኝ ማደር ቻሉ። ከ1995 ወዲህ ሙሉ ሥራ የጀመረው የሳተላይት አቅጣጫ አመልካች ደግሞ ሰውየው ያለበትን በጥቂት ሜትር ይነግረዋል፤ ነገር ግን ብዙ ካርታዎች በጥንቱ መለኪያ የተሣሉ ስለ ነበሩ ደሴቲቱ ራሷ ከቦታዋ ተዛብታ የተቀመጠችበት ጊዜ አለ፥ በመሣሪያው ብቻ ታምነው በጨለማ የገቡ መርከቦችም ተሰብረዋል። ስለዚህ ዓይንና ፀሐይ ሥልጣናቸውን አልለቀቁም።

የቀደመው ጥበብ ተረት ነው የሚሉ ሰዎች በነበሩበት ዘመን፥ በ1976፥ ሆኩሌኣ የተባለች በጥንቱ ሥርዓት የተሠራች ባለ ሁለት ሆድ መርከብ ከሀዋይ ተነሥታ ያለ ኮምፓስና ያለ ካርታ ከአንድ ወር በላይ ተጕዛ በሰኔ መጀመሪያ ወደ ታሂቲ ወደብ ወደ ፓፔቴ ገባች፤ በወደቡ የጠበቃት ሕዝብም ስፍር ቍጥር አልነበረውም። የመራት በማይክሮኔዥያ የሳታዋል ደሴት ተወላጅ ማው ፒያይሉግ ነበር፤ ጥበቡን ከአያቱ በቃል የተማረ፥ ልማዱም ለባዕድ እንዳይሰጥ የሚከለክለው ሲሆን፥ እውቀቱ ከእርሱ ጋራ እንዳይቀበር ብሎ ለሀዋይ ወጣቶች ያስተማረ ሰው። በ2010 ሞተ፤ ደቀ መዛሙርቱ ግን ዛሬም ይመራሉ።

ዛሬ በፊጂ ሩቅ መንደሮች ፊት መልሕቅ የሚጥል እንግዳ ወደ ምድር ወርዶ ለመንደሩ አለቃ ያንጎና የተባለውን ሥር ያቀርባል፥ የባሕሩ ዳርቻና ዓሣው የመንደሩ ርስት መሆኑን አምኖ ፈቃድ ይለምናል። ይህ ልማድ ትክክለኛ ነው ብዬ እፈርዳለሁ፤ ሰንሰለት በኮራል ላይ ሲጐተት የብዙ ዓመት ሕይወት እንደሚያጠፋ የታወቀ ስለ ሆነም በአያሌ ደሴቶች መርከቦች ተዘጋጅቶ በሚጠብቃቸው ተንሳፋፊ ማሰሪያ ላይ እንዲታሰሩ መደረጉን እደግፋለሁ። የባሕር ጉዞን ታሪክ በአማርኛ ለወጣቶች ለማዘጋጀት የምትነሡ ጸሐፊዎች ሆይ፥ የኩክንና የስሎከምን ስም ስትጽፉ የቱፓያንና የማው ፒያይሉግን ስም ከፊት አስቀምጡ፤ ቱፓያ ያስጻፈው የደሴቶች ካርታ ግልባጭ በለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቆ ይገኛል።